ከበሮው በስተግራ

በቡድኑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ካርታ» ነው የሚለው፤ እሱም ለዚሁ ስም አቤት ይላል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ግንባሩን ለቅቆ ወደ ማጅራቱ ከሸሸ ቆይቷል፤ ጫማው ግን ሁልጊዜ ከልብሱ የተሻለ ነው። ሥራው ክላርኔት መንፋት ነው። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ከሚያሳይ የሙዚቃ ቲያትር ቡድን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዞሯል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ትርዒት እንኳ ከፊት ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ቦታው ከመድረኩ ሥር ዝቅ ብሎ የተሠራው፣ ሙዚቀኞቹ «ጉድጓዱ» የሚሉት ስፍራ ነው። ከዚያ ቀና ሲል የሚታየው የተዋንያኑ ጫማ ብቻ ነው። ዋናዋ ተዋናይት መንገድ ላይ ሰላም ብትለው እግሯን ካላየ አይለያትም እየተባለ ይቀለድበታል።

ካርታ የሚለውን ስም ያወጣለት የገዛ እግሩ ነው። ቡድኑ አዲስ ከተማ በገባ ማግስት፣ ሌሎቹ የአውቶቡስ ድካማቸውን በእንቅልፍ ሲያወራርዱ፣ እሱ ማልዶ ተነሥቶ ከማረፊያው እስከ ቲያትር ቤቱ ሦስት መንገድ ይፈልጋል። አንዱ አጭሩ ነው፤ ለረፈደበት ሰው። ሁለተኛው የዝናብ መንገድ ነው፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከታዛ ታዛ እየተሻገሩ ሳይበሰብሱ የሚደርሱበት። ሦስተኛው የደስታ መንገድ ነው፤ ረጅም፣ የትም ለመድረስ የማያስቸኩል። ሦስቱንም ባረጀ የኖታ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥሎ በሙዚቀኞቹ ክፍል በር ላይ ይለጥፋል። ወጣቶቹ ስልካቸው መንገዱን ሁሉ እየነገራቸው ይስቁበታል። ዝናብ በጣለ ቀን ግን «ጋሼ፣ የዝናቡ በየት በኩል ነበር?» የማይል የለም።

ይህች ከተማ ለሁሉም አዲስ ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ለእሱ የደረሰው ክፍል ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አልጋው መሐሉ ላይ የጎደጎደ፣ መስኮቱ በወረቀት ተወትፎ ካልሆነ አልዘጋ የሚል። ብቻዬን በማደሬ ተመስገን ብሎ ተኛ። ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ነበር። መስታወት ቆራጩ ሱቁን እየከፈተ፣ ቀጥሎ ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን እየሞከረ፣ ልብስ አጣቢው ቤት በግድግዳው ቀዳዳ የሳሙና እንፋሎት እያወጣ። ቁልቁል የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አገኘ፤ ቆጠረው፤ ሰማንያ አራት። ከታች ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር የተቀባቡ አግዳሚ ወንበሮች። አዲስ ከተማ እንዲህ በጠዋት፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ሲያያት ደስ ይለዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሰለቸውም።

ከወንዙ ወደ ዋናው መንገድ ሊሻገር አንድ እግሩን እንዳነሣ ከቀኝ በኩል የመጣ ብስክሌት እጅጌውን ገርፎት አለፈ። ባለ ብስክሌቱ ዞር ብሎ «ይኼን ሁሉ ደወል ስደውል አትሰማም? ደንቆሮ ነህ እንዴ?» አለው።

ሰውየው ግማሽ በግማሽ ልክ ነበር። የጋሼ ካርታ ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ከሦስት ዓመት በፊት በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ጠዋት ሲነሣ ጆሮው ጭር ብሎ አገኘው። ኩክ ይሆናል ብሎ ተወው። ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ሲል ስምንት ቀን አለፈ፤ ሐኪሙ ሲያየው «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጡ ኖሮ ይሞከር ነበር፤ አሁን ነርቩ ሞቷል» ብሎ ሸኘው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማንም አልተናገረም። ለኦርኬስትራው መሪ አልነገረም፤ ለባለቤቱ እንኳ አልነገረም። ባለ አንድ ጆሮ ሙዚቀኛ ማን ይቀጥራል? ወሬው አንድ ጊዜ ከወጣ ከዚህም ቡድን፣ ከሌላውም ቡድን ቀረሁ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላ ሙያም አልፈለገም።

እንዲያም ሆኖ ሦስቱን ዓመት ሳይሳሳት ዘለቀ፤ ምክንያቱም በሄደበት ከተማ ሁሉ ከበሮው በግራው በኩል ይገጥምለት ነበር። ከጎኑ ማን ምን ቢነፋ ግድ የለውም፤ ከበሮውን ካልሰማ ግን ማለቁ ነው። የሚቀመጥበትን የምታዘጋጀው የኦርኬስትራው መሪ ናት። ከሁሉም አንድ ቀን ቀድማ ትገባና ብቻዋን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ለእያንዳንዱ ወንበር በነጭ ፕላስተር ምልክት ታደርጋለች። እሱ በማግስቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ከበሮውን ነው። በግራ። «የእናቴ ምርቃት ነው» ይላል በሆዱ፤ ክላርኔቱን ከሳጥኑ ሲያወጣም ፈጣሪውን ያመሰግናል።

ያን ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ከበሮው በቀኝ ነበር።

መሪዋ አልመጣችም። ትኩሳት ጥሏት በፊተኛው ከተማ ቀርታለች፤ ረቡዕ ትደርሳለች ተባለ። ወንበሮቹን የደረደረው ረዳቷ ነው፤ ከአፉ «ቶሎ በሉ» ስለማይለይ ራሱን ቶሎ በሉ ብለው የሚጠሩት፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት። ጋሼ ካርታ ሰበብ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ እዚህ ጋ ብርድ ይገባል አለ። ቶሎ በሉ እጁን ዘርግቶ ንፋስ ፈለገ፤ የለም። ቀጥሎ ወገቤን ያመኛል አለ። ወገብና ወንበር ማዞር ምን እንዳገናኘው እሱም አላወቀም። በመጨረሻ «ከበሮው ወደዚያ ቢዞር ለዓይን ያምራል» አለ።

«ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነን፤ ማን ያየናል?» አለው ቶሎ በሉ። «ደግሞ ከበሮውን የሚከልለው መስታወት በብሎን ታስሯል። ቶሎ በሉ፣ እንጀምር።»

ቡድኑ የሚያሳየው የአንድ የባሕር መብራት ማማ ጠባቂ ታሪክ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ማዕበሉ መብራቱን ያጠፋዋል። ያን ጊዜ የቤቱ መብራት በሙሉ ይጠፋል፤ የሙዚቀኞቹ የኖታ መብራቶች እንኳ ሳይቀሩ። የመሪው እጅ አይታይም። ዘፋኟ በጨለማ የመጨረሻ ቃሏን ደስ ያላትን ያህል ትስበዋለች፤ ስትጨርስ ከበሮ መቺው ዱላዎቹን በቀስታ አራት ጊዜ ያጋጫል፤ ከአራተኛው በኋላ ክላርኔት ብቻውን ይገባል። ሌላ ምንም ድምፅ የለም። ታዳሚው ትንፋሹን የሚውጥባት ቦታ ናት፤ ጋሼ ካርታም የሚኮራባት።

ልምምዱ ደህና ሄደ፤ እዚያች ቦታ እስኪደርስ። መብራት ጠፋ። ዘፋኟ ቃሏን ሳበች፣ ጨረሰች። እሱ አንገቱን ወደ ቀኝ አጠማዝዞ ግራ ጆሮውን አሾለ፤ የደረሰው ግን እንጥፍጣፊ ነው። ሦስቱን የሰማ መሰለውና ገባ። ቀድሞ ነበር። እንደገና ይሁን ተባለ። አሁን ፈርቶ ቆየ፤ በጣም ቆየ፤ ዝምታው ጉድጓዱን ሞላው፤ ከላይ አንድ ተዋናይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛው ጭራሽ አፍ የሚያስይዝ ነበር። መብራቱ ሲበራ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ቶሎ በሉ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ፣ «ጋሼ፣ አራት ነው እኮ» አለው።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ነገ ማታ ሰው ይገባል። እኔ ደግሞ መሪ ሆኜ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ደክሞዎት ከሆነ ይሁን፤ ነገ ከመግባታችን በፊት አንዴ እንሞክራትና ካልሆነች ለፍሉት ነፊዋ እሰጣታለሁ። አይቀየሙኝ።»

አልተቀየመውም። ልጁ ትክክል ነበር። ክላርኔቱን ፈትቶ እየወለወለ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ጨለማ ቦታ ሊያልቅ ነው ብሎ አሰበ።

ቡድኑ በየከተማው ጥቂት የከተማውን ሙዚቀኞች ለሁለት ሳምንት ይቀጥራል። ከእንግዳው አጠገብ የተቀመጠው ያገሬው ሰው የወንበር ጎረቤት ይባላል፤ ለወንበር ጎረቤቱ ከመጀመሪያው ትርዒት በፊት ከተማውን ማሳየት የቆየ የሙያው ወግ ነው። በዚህኛው ጉድጓድ የወንበር ጎረቤቱ ኮንትራባስ፣ ያን ሰው የሚያክለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ፤ በእሱና በከበሮው መሐል ከፍ ባለ ዱካ ላይ ተደግፈው የሚቆሙ፣ የስድሳ ሰባት ዓመት ጡረተኛ የሙዚቃ አስተማሪ። ከተማው በሙሉ እትዬ መምህር ይላቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመስታወት ቆራጩ በር ቆመው ጠበቁት። መስታወት ቆራጩ ተማሪያቸው ነበር። ቁልፍ ቀራጩም ተማሪያቸው ነበር። ሁለቱም ሲያዩዋቸው ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

«እስቲ ካርታህን አምጣ» አሉት። ሰውን ሁሉ አንተ ይላሉ፤ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ግድግዳ ላይ ደግፈው አረሙት። የዝናቡ መንገድ ላይ ያለው ታዛ የሚፈስ መሆኑን ጻፉ፤ አጭሩን በአንድ የትምህርት ቤት አጥር ጀርባ አሳጠሩት፤ በመጨረሻ ጥጉ ላይ ከአሥር ስድስት ሰጡት።

«ስድስት?» አለ ጋሼ ካርታ። እንዲህ ያለ ውርደት ካርታው ደርሶበት አያውቅም።

«ለእንግዳ ጥሩ ነው። አስተካክለህ ታመጣለህ።»

ሄዱ። የወንዙን ዳር አሳዩት፤ ድሮ የማገዶ መጋዘን የነበረውን፣ አሁን ልጆች ቫዮሊን የሚማሩበትን ቤት አሳዩት፤ አሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ገብተው አንዴ እንዲያጨበጭብ አደረጉት፤ ማስተጋባቱ ረጅም ነበር። በጣም ደስ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ቢዞር ወር ቢቀመጥም አያገኘውም ነበር፤ ይህንኑ ነገራቸው። መንገድ ላይ ግን አንድ ችግር ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የግድግዳውን ጥግ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ፤ ግድግዳው በቀኙ ሲሆን በቀኙ ይሆናሉ። እሱ ሹልክ ብሎ ይዞራል። እሳቸው ይመለሳሉ። ደግሞ ጫማውን ሊያስር ያስመስልና ሲነሣ በቀኛቸው ይቆማል። ልብስ አጣቢው ቤት ፊት ሲደርሱ እትዬ መምህር ቀጥ አሉ።

«ቆይ ቆይ። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጊዜ ዞርከኝ። እንደ ሳተላይት እየዞርከኝ ነው እንዴ? የትኛው ነው የማይሰማህ? ቀኙ?»

ጋሼ ካርታ የትናንት ሰበቦቹን ፈተሸ። ብርድ፣ ወገብ፣ ለዓይን ያምራል፤ አንዱም ሰበብ አልመጣለትም።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአንድ ጆሮው የማይሰማ ልጅ ሁልጊዜ ቦታ ይመርጣል። መጀመሪያዎቹን ዓመታት ይኼን አላወቅኩም ነበር። ረባሽ ነው እያልኩ ወደ ኋላ የላክኋቸው አሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ትናንት አንገትህን ስታጣምም አይቻለሁ። ተናገር።»

ተናገረ። ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከስምንቱ ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ሦስት ዓመት በሆዱ የያዘውን ነገር ትናንት ላወቃቸው ሴት መንገሩ ለራሱም ገረመው። ሲጨርስ ደረቱ ቀለለው፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር፤ ወደ ወንዙ አየ። እትዬ መምህር አላባበሉትም። ተነሡና ጫማቸውን አግዳሚው እግር ላይ አስደገፉ።

«ጨለማ ሲሆን እኔ አልጫወትም፤ እጄም እግሬም ሥራ ፈት ነው። ከበሮው ደግሞ ጆሮዬ ሥር ነው። እሱ ሲመታ እኔ የወንበርህን እግር እመታለሁ። ዝጋ ዓይንህን።»

ዓይኑን ዘጋ። ጫማቸው እንጨቱን አራት ጊዜ ነካ፤ ንዝረቱ በመቀመጫው ገብቶ በአከርካሪው ወጣ። ክላርኔት አልያዘም ነበርና በፉጨት ገባ። ልክ ነበር። ደገሙት። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴት ቆማ አየቻቸው፤ አንድ ሽበታም ዓይኑን ጨፍኖ ሲያፏጭ፣ አንዲት አሮጊት አግዳሚ ሲረግጡ። ውሻው ጭምር ቆሞ ነበር። «ልምምድ ላይ ነን» አሏት እትዬ መምህር፤ ሴትዮዋም እኚህን የመሰሉ ትልቅ ሴት ይዋሻሉ ብላ ስላላሰበች መንገዷን ቀጠለች።

ሲለያዩ ግን እንዲህ አሉት፦ «እግሬ የሚቀረው እዚህ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንተ ትሄዳለህ። በሚቀጥለው ከተማ ያለውስ ሰው? በየአገሩ እግር እየለመንክ አትችለውም። ለመሪህ ንገራት።»

«ብታባርረኝስ?»

«ያን ጊዜ ማወቅህ ነው። አሁን የምታውቀው ነገር የለም፤ ዝም ብለህ ትፈራለህ።»

ማታ ቤቱ ሞላ። ከመግባታቸው በፊት ሞከሯት፤ አንዴ በቂ ሆነች፤ ቶሎ በሉ እፎይ ብሎ ፍሉት ነፊዋን ተዋት። ጋሼ ካርታ ግን ያለ ሰው ሲሞክሩትና ሺህ ሰው ሲተነፍስ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ክፍል ደረሰ። ማዕበል ሆነ። መብራቱ ጠፋ። ዘፋኟ ያን ማታ ቃሏን ከወትሮው ሁለት እጥፍ ሳበችው፤ እሱ የክላርኔቱን የሸምበቆ ምላስ በከንፈሩ እንደያዘ ጨለማው ውስጥ ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩ ተነካ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ገባ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ከክላርኔቱ ወጥታ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ስትሄድ በግራ ጆሮው ሰማት፤ በሕይወቱ ከነፋቸው ሁሉ የጠራች መሰለችው። መብራቱ ሲበራ ወደ ቀኙ ዞረ። እትዬ መምህር ኮንትራባሳቸውን አቅፈው ምንም እንዳልተፈጠረ ኖታቸውን ይገልጡ ነበር። ጫማቸውን አየ፤ ጫማ አይቶ እንደዚያ ቀን ሰው የወደደበት ጊዜ የለም።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ መሪዋ ደረሰች። ከስታ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ኦርኬስትራውን መምራት ከጀመረች አራት ዓመቷ። ማንንም ሳታነጋግር ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ጋሼ ካርታ ከኋላዋ ወረደ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ቃሉን አዘጋጅቶ ነበር፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። እሷ ከበሮው ፊት ቆማ ወገቧን ይዛ ነበር።

«መሪዬ» አላት፤ በቀልድ እንዲህ ነው የሚጠራት። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ትወስኛለሽ። ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ሦስት ዓመት ሆነው። ደብቄሻለሁ።»

መሪዋ አልደነገጠችም። ዱካ ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ አቃፊ አውጥታ ጭኗ ላይ ከፈተችው። የየከተማው ጉድጓድ የወንበር ንድፍ ነበር፤ በእርሳስ የተሠራ፣ ሃያ ምናምን ወረቀት። አንድ በአንድ ገለጠችለት። በእያንዳንዱ ላይ በመጀመሪያ በደማቁ የተሠመረ አንድ ክብ አለ። ከጎኑ በስተግራ ሌላ ክብ። የቀሩት ሁሉ በቀጭን መስመር ተሠርተው፣ ተሰርዘው፣ እንደገና ተሠርተዋል።

«በሄድንበት ሁሉ መጀመሪያ የማስቀምጠው እርስዎን ነው ጋሼ» አለችው በተዘጋ ድምፅዋ። «ቀጥሎ ከበሮውን በግራዎ። ከዚያ ሌላውን እንደ ምንም አጠጋጋዋለሁ። ቫዮሊኖቹ ሁለት ከተማ ላይ ምሰሶ ጀርባ ተቀምጠው ሲያማርሩ አልሰሙም?»

ሰምቶ ነበር። ለዚያውም አብሯቸው አማርሯል።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። አውቶቡስ ላይ በቀኝዎ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ጠራሁዎ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ከዚያ በግራዎ ሰው ሳንቲም ጣለ፤ ዘወር አሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ምስጢሩ የእርስዎ ነዋ። ያልነገሩኝን እንዴት እነግርዎታለሁ? ለረዳቴም ያልነገርኩት ለዚሁ ነው። ትኩሳት ላይ ሆኜ ስለ ሌላው ሁሉ በስልክ ነገርኩት፤ የእርስዎን ግን ምን ብዬ? ሁለት ሌሊት ስጨነቅ አደርኩ።»

ጋሼ ካርታ መሬት ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ሲያይ ቆየ። በብልሃቴና በእናቴ ምርቃት ነው የኖርኩት ሲል፣ አንዲት ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ከሁሉ ቀድማ በየከተማው ጉድጓድ እየገባች በጉልበቷ ተንበርክካ ቦታ ስታዘጋጅለት ኖራለች። አፈረ። ከማፈሩ በላይ ግን አመሰገነ። ቢያስበው ምርቃቱም ውሸት አልነበረም፤ በማን እጅ እንደሚመጣ ነው ያላወቀው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ተሸከምሽኝ» አላት በመጨረሻ።

«ምን መሸከም አለው? ከበሮ ወደ ግራ ማድረግ ነው። በጨለማ እንደርስዎ የሚነፋ ሰው ከየት አመጣለሁ?» ዓይኗን ጠረገች፤ ትኩሳቱ ነው አለች። «አሁንስ ምን ይሁን? ብሎኑን ላስፈታው?»

አይፈታ አለ። እዚህ ከተማ የእትዬ መምህር እግር አለ። እርሳሷን ከእጇ ወሰደና የመጨረሻውን ወረቀት፣ የሚቀጥለውን ከተማ ንድፍ አወጣ። ከደማቁ ክብ ሥር በትልቁ፣ ማንም ረዳት ሊያነበው በሚችል ጽሕፈት ጻፈ፦ «ክላርኔት በግራ ጆሮው ብቻ ይሰማል። ከበሮ በስተግራ።» ጽፎ ሲጨርስ እርሳሱንና ወረቀቱን መለሰላት። መሪዋ አቃፊውን ዘግታ ቶሎ በሉን ልትፈልግ ወጣች።

እሱ ከቲያትር ቤቱ ወጥቶ የደስታውን መንገድ ያዘ። ደረጃውን ወረደ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ለመሪዋ ከተናገረ ወዲያ አንድ ያልነገረው ሰው ቀርቶ ነበር። ደወለ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ማሽኗን ታንቀሳቅሳለች፤ እንደተለመደው ማሽኑ ከእሷ ቀድሞ ተሰማ። ነገራት። ማሽኑ ቆመ።

«ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው።

«ሦስት ዓመት።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ መቆጣት ይገባት ነበር።

«እንቅልፍህን በግራ ጎንህ ማድረግ የጀመርክ ጊዜ ማለት ነው» አለች። ልክ ነበረች። የሚሰማውን ጆሮ ትራስ ውስጥ ሲቀብረው ዓለም ሁሉ ጸጥ እንደሚል የደረሰበት ያን ጊዜ ነው፤ በየማረፊያ ቤቱ ጫጫታ ተጠቅሞበት በዚያው ለመደው፤ ቤቱ ሲገባም እንዲያው ይተኛ ነበር። «ጀርባህን ሰጥተኸኝ። ማታ ማታ ሳወራህ አትመልስልኝም። ስንት ነገር ነግሬሃለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ሰለቸሁህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ዝም አልከኝ።»

ወንዙን፣ አግዳሚውን፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ረሳ።

«አልሰማሁሽም» አላት። «እግዜር ያውቃል፤ አልሰማሁሽም።»

«እኔማ ሰምተህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት።» ድምፅዋ ተሰበረና ወዲያው ተስተካከለ፤ እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየም። «በል እንግዲህ። ስትመጣ በቀኝህ ትተኛለህ። ወደ እኔ ዞረህ።»

«እሺ» አላት።